የወጪ ጣሪያ በስፖርት ዓለም፤ ከመኪና እሽቅድምድም እስከ እግር ኳስ ሜዳችን

በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የፕሪምየር ሊጉ ክለቦች ተሰብስበው፣ አንድ ተጫዋች በወር የሚከፈለው ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ውሳኔው በተሰማ ጊዜ ከፊሉ ሰው «ይበል» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ የላብ ዋጋ በጉባኤ አይተመንም ብሎ አጉረመረመ። ክርክሩ ግን በአመዛኙ በስፖርት ገጾችና በራዲዮ ዝግጅቶች ተወስኖ ቀረ። ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የሚመለከተው የሒሳብ ባለሙያ በነገሩ አልገባበትም ለማለት ይቻላል። ጣሪያ ማለት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ የሚቆጥረው ሰውና የሚቆጠርበት ደንብ ከሌለው ግድግዳ ላይ ከተጻፈ መፈክር አይለይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የኛን ውሳኔ፣ በወጪ ገደብ ላይ ከማንም አስቀድሞና አምርሮ ከተከራከረው ከመኪና እሽቅድምድም ዓለም ታሪክ ጋር አስተያይቶ መመርመር ነው።

ወጪን በስምምነት መወሰን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቀበናም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ዕድር የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሐዘን ለደረሰበት አባል የሚሰጠው ገንዘብ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ባለጠጋውም ድሃውም የሚቀበሉት እኩል ነው። ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል፣ ተቆጣጣሪው ያመሳክራል፤ ከሁሉም በላይ ጎረቤት ያያል። ገደቡ የሚጸናውም በዚህ መተያየት ነው። ተወዳዳሪ ክለቦች ግን አንዱ የሌላውን መዝገብ አያይም፤ ቢያይም ቅሉ ለማመን አይቸኩልም።

ወደ ክለቦቻችን እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። የአገሪቱ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደውም የመጨረሻው ነው። በዚያን ጊዜ ከቀበና ወንዝ ማዶ ሌጋሲዮኑን ያቆመው የእንግሊዝ መንግሥት በአገሪቱ ጉዳይ ምን ያህል እጁን አስገብቶ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ዋንጫው የት እንደ ሄደ መስማቱ ፈገግ ያሰኛል። ለነገራችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። እነዚያ ቡድኖች የማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ፤ ወጪያቸው ማልያና ኳስ፣ ገቢያቸው የአባላት መዋጮና የወዳጆች ችሮታ ነበር። ስለ ጣሪያ የሚያነሣ ሰው አልነበረም፤ ወለሉ ራሱ ገና አልተነጠፈምና።

በኋላ ዘመን፣ በተለይም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ፣ የክለቡ ባለቤት መሥሪያ ቤቱ ሆነ። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ኦሜድላ፣ ምድር ጦር የሚሉት ስሞች ራሳቸው ደመወዝ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ይናገራሉ። ተጫዋቹ በመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መዝገብ ላይ እንደ ማናቸውም ሠራተኛ ስሙ ሰፍሮ፣ እርከኑ ታውቆ፣ ደመወዙን በየወሩ ይቀበል ነበር። ልብ ይሏል፤ ይህ ማንም በዚህ ስም ባይጠራውም የወጪ ጣሪያ ነበር። እርከኑ ራሱ ጣሪያ ነው። ክለቡ የተሻለ አጥቂ ቢፈልግ ሊሰጠው የሚችለው የተሻለ የሥራ መደብ፣ ምናልባትም ቤት ወይም የትምህርት ዕድል እንጂ እንደ ልቡ የሚመዘው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው ቀስ በቀስ ነው። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን የሆነው መብራት ኃይል፣ ያው የመሥሪያ ቤት ክለብ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ግን ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛነት ወጥቶ በውል የሚቀጠር ባለሙያ ሆነ፤ ውሉም አጭር፣ የፊርማ ገንዘቡም ወፍራም እየሆነ ሄደ። ሁለተኛ፣ ከየክልሉ የከተማ አስተዳደሮች ክለብ እያቋቋሙ ሊጉን ተቀላቀሉ። የከተማው ስም በአገር ደረጃ መጠራቱ ለአስተዳዳሪው ክብር፣ ለነዋሪውም ደስታ ነበርና፣ ከከተማው በጀት ለክለቡ የሚመደበው ገንዘብ ከዓመት ዓመት አደገ። የትኬት ገቢው ከወጪው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የቴሌቪዥን ገቢም ቢሆን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ሊጉን ለማስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር፣ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የስርጭት መብቱን እስኪሸጥ ድረስ ይህ በር የተዘጋ ነበር።

እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. የተነሣው ጥያቄ የተጫዋች ደመወዝ ብዛት ብቻ አልነበረም። ቧንቧ ያልተዘረጋለት፣ መንገዱ ያልተጠገነለት ከተማ ከበጀቱ ላይ ለአንድ አማካይ ተጫዋች ምን ያህል ቆርሶ ሊሰጥ ይገባዋል የሚል ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ውል የፈረመ ተጫዋች ደመወዙ ለወራት ሲዘገይበትና አቤት ሲል መክረሙ በየዓመቱ የሚሰማ ነበር። ክለቡ የማይከፍለውን ይፈርማል፤ የፈረመውን አይከፍልም። ለዚህ በሽታ ጣሪያ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ታሰበ።

ይህንኑ መድኃኒት አስቀድሞ የቀመሰው ዓለም ፎርሙላ ዋን የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ነው። ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ1950 ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ትንንሽ ቡድኖች ከታላላቆቹ ጋር ሊወዳደሩ የቻሉት በደንብ ሳይሆን በአንድ ሞተር አማካይነት ነው። ኪት ደክወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፎርድ ኩባንያ 100,000 ፓውንድ ድጋፍ የሠራው የኮስወርዝ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1967 ብቅ አለ፤ ከዚያም በ7,500 ፓውንድ ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ጀመር። በአንዲት ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚገጣጥም ሰው ይህን ሞተር ገዝቶ ከፌራሪ ጋር ይሰለፍ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ በስፖርት ታሪክ ከተፈጠሩት የወጪ ገደቦች ሁሉ ይህ እጅግ ያማረው ነው፤ ማንንም ሳይከለክል ዋጋውን ለሁሉ አወረደ። ነገር ግን የትንባሆ ኩባንያዎች ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ መኪናዎቹን በማስታወቂያ ቀለማቸው መቀባት ሲጀምሩ፣ በኋላም ታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች በገዛ ሞተራቸው ሲገቡ፣ ያ ዘመን አለፈ።

ትልቁ ጠብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ታኅሣሥ፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በበረታበት ሰዓት፣ ሆንዳ ከውድድሩ መውጣቱን አስታወቀ። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ማክስ ሞዝሊ ሌሎቹም ሊከተሉ ይችላሉ ብለው ሠጉ፤ ስለሆነም በመጋቢት ወር የ30 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በሚያዝያ ማለቂያ ደግሞ ወደ 40 ሚሊዮን ከፍ ያለ ዓመታዊ የወጪ ጣሪያ አቀረቡ። ጣሪያው በፈቃድ ነበር። የተቀበለ ቡድን በመኪናው አሠራር ላይ ሰፊ ነፃነት ያገኛል፤ ያልተቀበለ ግን በጥብቅ ቴክኒካዊ ደንብ ይታሠራል። አንድ ውድድር፣ ሁለት ሕግ ማለት ነው።

ከ1950 ጀምሮ ያልተለየው ፌራሪ፣ እንዲህ ከሆነ እወጣለሁ ብሎ ፓሪስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ፍርድ ቤቱ ግንቦት 20 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ቡድኖቹ ግን አልተበተኑም፤ በሰኔ አጋማሽ ስምንቱ ተባብረው የራሳቸውን ሻምፒዮና እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ። ሞዝሊ በሰኔ 24 ቀን ለዕርቅ ተቀመጡ፤ ጣሪያው ቀረ፤ እርሳቸውም ለሚቀጥለው ምርጫ እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። ከዕርቁ በኋላ ቡድኖቹ ወጪያቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለመቀነስ ስምምነት አደረጉ። ስምምነቱ ግን ዳኛ አልነበረውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተረሳ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሡት፣ ጣሪያውን አምነው የገቡት ናቸው። በ40 ሚሊዮን ፓውንድ መወዳደር ይቻላል የተባሉ አዲስ ቡድኖች ተመርጠው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጭራሽ ሳይሰለፍ ቀረ። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰለፉ፤ አንዱ በ2012፣ ሌላው በ2014 ጠፋ፣ ሦስተኛውም ስሙን እየለዋወጠ ቆይቶ በ2017 መጀመሪያ ተዘጋ። ጣሪያ ይኖራል ተብሎ የተጠራ እንግዳ ጣሪያ የሌለበት ቤት ውስጥ ዝናብ መታው። ሞዝሊ የፈሩትም ቢሆን አልቀረም፤ ቢ.ኤም.ደብልዩና ቶዮታ በዚያው በ2009 ወጡ።

ሐሳቡ እንደገና የተነሣው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ታላላቆቹ ቡድኖች በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጡ እንደ ነበር በሰፊው ይዘገብ ነበር። በጥቅምት ማለቂያ 2019 እ.ኤ.አ. ለ2021 የሚሆን የ175 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ ታወጀ፤ በዚህ ጊዜ በፈቃድ ሳይሆን በግዴታ። ወረርሽኙ መጥቶ ውድድሩ ሲቋረጥ የሁሉም ኪስ ሳሳ፤ ስለዚህም በ2020 ወደ 145 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ፤ በየዓመቱም እየቀነሰ በ2023 135 ሚሊዮን እንዲደርስ ተወሰነ። በ2009 ዓለምን ያመሰ ሐሳብ በ2020 ያለ ብዙ ጩኸት አለፈ። የሐሳቡ ጥራት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገንዘብ ያዦቹ ፍርሃት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ሬድ ቡል የተባለው ቡድን አሽከርካሪ እ.ኤ.አ. የ2021ን ሻምፒዮና በመጨረሻው ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ አሸነፈ። የዚያ ዓመት ሒሳብ ተመርምሮ ውጤቱ በጥቅምት 2022 ሲገለጽ፣ ቡድኑ ከጣሪያው አልፎ ተገኘ። ቁጥሮቹን የሒሳብ ሰው ሊያያቸው ይገባል። ጣሪያው በፓውንድ ሲመነዘር 118,036,000 ነበር። ቡድኑ ያቀረበው ወጪ 114,293,000 ነው፤ ማለት ከጣሪያው በታች። መርማሪዎቹ ግን በ13 አርእስት ሥር 5,607,000 ፓውንድ መጨመር አለበት አሉ፤ ድምሩ 119,900,000 ሆነ፤ ብልጫውም 1,864,000 ወይም 1.6 በመቶ። ከእነዚያ አርእስት መካከል የሠራተኞች የምግብ አገልግሎት፣ አሠሪው የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ የተለማማጆች ወጪና የመለዋወጫ ዕቃ አመዘጋገብ ይገኙበታል። አንድ የግብር ተቀናሽ በትክክል ቢመዘገብ ኖሮ ብልጫው ወደ 432,652 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 0.37 በመቶ ይወርድ እንደ ነበር ፌዴሬሽኑ ራሱ አምኗል። ቅጣቱ 7 ሚሊዮን ዶላርና በነፋስ መፈተኛ ዋሻ የሚፈቀድለት የምርምር ጊዜ በ10 በመቶ መቀነስ ሆነ። ዋንጫው ግን አልተነካም። ተቀናቃኞቹ ቅጣቱ አነሰ አሉ፤ የቡድኑ ሰዎች በዛ አሉ። እኔ ከክርክሩ የያዝሁት አንድ ነገር ነው፤ ስለ ዓለም ፈጣኑ መኪና የተደረገው ሙግት በመጨረሻ የምሳ ሒሳብ የት ይመዝገብ ወደሚል ጥያቄ ወረደ። ሙያችን የናቁትን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በዚህ መነጽር የ50,000 ብሩን ውሳኔ እንመልከት። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ገንዘብ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ የሚለው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ውሳኔው በተላለፈበት ጊዜ በሚሠራበት የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይታሰብበትና 1,500 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ ያልተጣራ 50,000 ብር ግብሩ 16,000 ነው፤ የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 3,500 ሲጨመር፣ ተጫዋቹ እጁ የሚገባው 30,500 ብር ይሆናል። በአንጻሩ ተጫዋቹ ከግብር በኋላ 50,000 ይድረሰው ቢባል፣ ጡረታውን እንኳ ሳንቆጥር ክለቡ ወደ 74,615 ብር መመደብ ይኖርበታል። አንዱ ቁጥር ሁለት ጣሪያ ሆነ ማለት ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮስ ይቆጠራል? በ50,000 ላይ 5,500 ብር ነው። ሬድ ቡልን ካስጠየቁት አርእስት አንዱ ይኸው የአሠሪው መዋጮ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከደመወዝ ውጭ ያለው ነው። በወር ደመወዝ ላይ ብቻ የተጣለ ገደብ ውኃን በአንድ ጣት እንደ መከልከል ነው፤ በፊርማ ገንዘብ፣ በቤት ኪራይ፣ በመኪና፣ በሽልማትና በደጋፊ ስጦታ ስም በጎን ይወርዳል። ከውሳኔው በኋላ ባሉት ዓመታት በወረቀት ላይ የሰፈረው ሌላ፣ በእጅ የሚገባው ሌላ ነው የሚለው ወሬ ከክለብ ሰዎች አንደበት ሳይቀር የሚሰማ ሆነ። እዚህ ላይ የሚጎዳው ማን ነው? በመጀመሪያ ራሱ ተጫዋቹ ነው። በውሉ ላይ ያልሰፈረ ገንዘብ ሲቀርበት አቤት የሚልበት ወረቀት የለውም፤ የጡረታ መዋጮውም በትንሹ ቁጥር ላይ ይሰላል። ቀጥሎ ግብር ሰብሳቢው፣ ከዚያም ጣሪያውን በእውነት ያከበረው የዋህ ክለብ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። በፎርሙላ ዋኑ ጣሪያ ውስጥ የአሽከርካሪዎቹ ደመወዝ አይቆጠርም፤ የሦስቱ ከፍተኛ ሹማምንት ክፍያና የማስታወቂያ ወጪም እንዲሁ። የሚቆጠረው መኪናውን ለመንደፍ፣ ለመሥራትና ለማሻሻል የሚወጣው፣ የመካኒኩም ደመወዝ ጭምር ነው። በዚህም ኮከቡ ከገደብ ውጭ ሆኖ መካኒኩ በገደብ ውስጥ ገባ፤ ይህ ፍትሕ ነው ብዬ ለመከራከር አልደፍርም። የኛው ውሳኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ በተጫዋቹ ላይ ብቻ አረፈ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አበል፣ የቡድኑ የጉዞና የሆቴል ወጪ፣ የአሠልጣኝ ውል በየዓመቱ መፍረስና የካሳው ክፍያ በዚያ ቁጥር ውስጥ አልነበሩም። የክለቡ ገንዘብ የሚባክነው በተጫዋቹ ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። የሠፈር ልጅ ሆኖ ከጃን ሜዳ ጀምሮ የሮጠ፣ ጉልበቱ የሚያገለግለው ቢበዛ ለ12 ወይም ለ15 ዓመት የሆነ ሰው፣ ከሠራተኛ ሁሉ ተለይቶ ዋጋው በአሠሪዎቹ ስምምነት ሲተመን፣ በጉባኤው ላይ በእርሱ ስም የሚናገር ድምፅ ሊኖር ይገባ ነበር።

ይህን ስል ጣሪያውን የጣሉትን ሰዎች ማውገዜ አይደለም። ከሕዝብ በጀት የሚወጣ ገንዘብ ወሰን ያስፈልገዋል የሚለው ክርክራቸው ትክክል ነው፤ የፌራሪ ገንዘብ የፌራሪ ነው፣ የከተማው ገንዘብ ግን የነዋሪው ነው። ስለዚህም የኛ አገር ጣሪያ ከእነርሱ የበለጠ ምክንያት አለው። ጉድለቱ የመጣው ከተመረጠው ቦታ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ቆሞ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ አንድ ዶላር ወደ 29 ብር ይመነዘር ነበርና 50,000 ብር ወደ 1,700 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው ቁጥር ከ500 ዶላር በታች ወረደ። የዋጋ ንረቱን የማይከተል ጣሪያ እየሰመጠ የሚሄድ ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰው ወይ ይጎብጣል ወይ ሰብሮት ይወጣል። ፎርሙላ ዋንም ይህ ደርሶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዕቃና የማጓጓዣ ዋጋ ሲንር ቡድኖቹ ጮኸው፣ በዓመቱ አጋማሽ 3.1 በመቶ እንዲጨመር ተፈቀደ። ጥቂት ትንንሽ ቡድኖች ተቃውመው ነበር፤ እኛ በጊዜው ቆጥበን ሳለ ላልቆጠበ ለምን ይጨመራል ብለው።

በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከአንድ ተጫዋች ደመወዝ አልፎ የክለቡን ጠቅላላ የገንዘብ አያያዝ የሚመለከት መመሪያ ማውጣቱ የተሻለ መንገድ ነው። ጠቅላላውን የሚገድብ ደንብ ክለቡ በውስጡ እንዲመርጥ ይተወዋል፤ አንድ ውድ አጥቂና ዐሥር ርካሽ ተጫዋች፣ ወይም ሁሉንም እኩል። ለዚህ ግን አስቀድሞ መኖር ያለበት የተመረመረ ሒሳብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተደነገገው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሥርዓትና በዚያው የተቋቋመው የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ለአገሪቱ ድርጅቶች አንድ ቋንቋ ሰጥተዋል። ክለብ ይህን ቋንቋ ሲናገር የፊርማ ገንዘብ በውሉ ዘመን ላይ ተከፋፍሎ እንዲታይ፣ በዓይነት የተሰጠ ቤትና መኪና በብር እንዲተመን፣ ከከተማው በጀት የመጣው ከደጋፊ መዋጮ ተለይቶ እንዲሰፍር ያስፈልጋል።

የፎርሙላ ዋን ጣሪያ ከእ.ኤ.አ. 2026 ጀምሮ ወደ 215 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። ለማያውቅ ሰው ገደቡ የላላ ይመስለዋል። ጭማሪው በከፊል የመጣው ግን ቀድሞ ከጣሪያው ውጭ የነበሩ ወጪዎች ወደ ውስጥ በመግባታቸው ነው፤ ቁጥሩ ያደገው ዝርዝሩ ስላደገ ነው። የኛም መመሪያ በሚሻሻልበት ጊዜ በጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት የብሩ መጠን ሳይሆን ይኸው ዝርዝር ነው፤ ደመወዝ፣ ፊርማ፣ ሽልማት፣ ቤት፣ መኪና፣ የአሠሪ ጡረታ፣ የአሠልጣኝ ካሳ፣ የሥራ አስኪያጅ አበል፣ የካምፕ ምግብ። ከእያንዳንዱ አጠገብም «ይቆጠራል» ወይም «አይቆጠርም» የሚል አንድ ቃል።